ስለ አንድ ድምፅዎና ስለ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ጣፋጭ አንደበትዎ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ሰው ከማሰናበትዎ በፊት ይህችን እንዲያነቡልኝ ስለ መጠየቅ

ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የብራንድ ድምፅ መመሪያውን ደክመው ላዘጋጁት ባልደረቦችዎ በያላችሁበት ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። ለሁላችሁም በተለይ የሆድ ጤና እመኛለሁ፤ ይህን ለይቼ የተመኘሁበት ምክንያት ደብዳቤው ወደ ታች ሲወርድ ግልጽ ይሆንልዎታል። ስለ እኔ ከተጠየቀ ደህና ነኝ። ሥራ ፈትታ ደብዳቤ ትጽፋለች ካሉኝ ደግሞ አልከራከርም፣ እውነትም ፈትቻለሁ፤ ያስፈታኝም ከዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ «ራሱን በማደስ ላይ» የሚገኘው የእርስዎ ቧንቧ ነው።

ማን እንደሆንኩ ላስተዋውቅ። ከድርጅትዎ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሁለት የፀጉር መታጠቢያና ሦስት ካስክ ያላት ፀጉር ቤት አለች፤ የእኔ ናት። ካስክ ማለት ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ከሥሩ የሚቀመጡበት፣ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ ነው፤ ክቡርነትዎ ከሥሩ ተቀምጠው ስለማያውቁ ነው የማብራራው። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከራሱ ሐሳብ በስተቀር ምንም አይሰማም፤ ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ እንጂ የአመራር አባላትን ለመንካት አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እጄ ከውሃ ወጥቶ አያውቅም። በመስኮቴ በኩል የቅርንጫፉ በርና ከበሩ አጠገብ የተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ቁልጭ ብለው ይታዩኛል።

በዚያ ሰሌዳ ላይ፣ ፀጉር ቤቴ ከመከፈቷ በፊት ጀምሮ፣ ሲጽፉ የኖሩ አንድ የቅርንጫፉ ሠራተኛ አሉ። በፋይላቸው ላይ ያለውን ስም እርስዎ ያውቁታል፤ እኛ የኮታቸው የቀኝ ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ጋሽ ጠመኔ እንላቸዋለን። ጽሑፋቸው አጭር ነው። ውሃ የት ሠፈር እንደሚጠፋ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት፣ ከዚያ «ዛሬ ቅዱ»። አለቀ። ጥገናው በተባለው ሰዓት ካልተጠናቀቀ ወጥተው ሰዓቱን በእጅጌያቸው ያጠፉና «አላለቀም፤ ቧንቧው ካሰብነው በላይ አርጅቷል፤ ይቅርታ» ብለው ይጽፋሉ። ያላወቁት ነገር ሲሆን ደግሞ «እርግጠኛ አይደለሁም» ይላሉ። ክቡርነትዎ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «እርግጠኛ አይደለሁም» ተብሎ ተጽፎ ያየሁት በዕድሜዬ እዚያ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ነኝ ያሉ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ አምናቸዋለሁ። በሠፈራችን ጀሪካን ባዶ ሆኖ ካደረ ጥፋቱ የእኛ ስንፍና ነበር እንጂ የጋሽ ጠመኔ አልነበረም።

ከዚያ እርስዎ ተሾሙ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ከእርስዎ ጋር የብራንድ አማካሪዎች መጡ፣ የቅርንጫፉ ግድግዳ ሰማያዊ ተቀባ፣ ሠራተኞቹም በሙሉ ለአራት ቀን ሥልጠና ተወሰዱ። በእነዚያ አራት ቀናት ሰሌዳው ላይ «እስከ ዓርብ ሥልጠና ላይ ነን። ስለምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ተጽፎ ነበር። ሲመለሱ እያንዳንዳቸው ስልሳ አራት ገጽ ያለው የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ታቅፈው ነበር፤ ርዕሱም «አንድ ድርጅት፣ አንድ ድምፅ» ይላል። መጽሐፉ እንዴት እጄ ገባ ብለው እንዳይጨነቁ፤ ማንም አልሰረቀዎትም። የቅርንጫፉ የመረጃ መስኮት ሠራተኛ ደንበኛዬ ናት፤ ፈተና ስላለው ካስክ ሥር ሆና ስታጠናው ቆይታ አንድ ቀን ረስታው ሄደች፤ እኔም ውሃ በጠፋ ቀን ሌላ ምን ይሠራል ብዬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አይደለም። አንድ ድርጅት ዛሬ እንደ ዳኛ፣ ነገ እንደ ደላላ መናገር የለበትም፣ ሰው ድምፁን ሰምቶ ማን እንደሆነ ሊያውቀው ይገባል የሚለው የገጽ ሦስት ምክር ልክ ነው። እኔን ያናደደኝ፣ ይህን ምክር ተከትላችሁ ድምፅ ፍለጋ ስትወጡ፣ በራችሁ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳያወላውል ሲናገር የኖረውን ድምፅ ረግጣችሁ ማለፋችሁ ነው። ድርጅታችሁ ድምፅ ነበረው፤ ኮታቸው የነጣ አንድ ሰው ነበሩ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። በገጽ ዘጠኝ ላይ «ቁጥር ስሜትን ያቀዘቅዛል» ስለተባለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታም ከተከለከሉት ቃላት አንዱ ስለሆነ ስለ ይቅርታዬም ይቅርታ።

አንደኛ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «ድምፃችን የማይላቸው» በሚል ርዕስ ሥር የለም፣ ተቋረጠ፣ ተበላሸ፣ አይቻልም፣ አደጋና ይቅርታ የሚሉት ቃላት በቀይ ተሰርዘው ተደርድረዋል። ከዚህ ዝርዝር በኋላ አንድ የውሃ ድርጅት ስለ ምን ሊያወራ ይችላል ብዬ ገና እያሰብኩ ሳለ የመጀመሪያው መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። «ውድ የምንጫችን ቤተሰብ፣ ነገ ውሃዎ ይበልጥ አምሮ ሊመለስልዎ ራሱን በማደስ ላይ ይሆናል። አብረን እንፈሳለን!» እኔ የመልካም ምኞት መግለጫ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግሥቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በዘጠኝ ሰዓት ለሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ የምትቀርብ ደንበኛዬ ቀለሙን ራሷ ላይ እንደ ለበሰች ቧንቧው ትንፍስ አለና ጸጥ አለ። ጎረቤት ሱቅ ስሮጥ የታሸገ ተራ ውሃ አልቋል፤ የቀረው ጋዝ ያለው ብቻ ነበር። በዘጠኝ ጠርሙስ ጋዝ ያለው ውሃ ፀጉር አጥበው ያውቃሉ? ይፍለቀለቃል፤ ቀለሙ ግን ግማሹ አይለቅም። ሴትየዋ ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ ቡናማ ሆና ወደ ቃለ መጠይቋ ሄደች። ስለዚህ የመልእክትዎ የመጨረሻ ቃል ልክ ነበር፤ አብረን ፈሰስን፣ እሷ በዕንባ፣ እኔ በላብ።

ሁለተኛ። ይህኛው አጭር ነው፤ ስለ ጥበቃ ሠራተኛዎ ነው። እኚህ ሰው ደርባባ ሰው ናቸው፤ በፊት ቢሮው ሲዘጋ የሚመጣውን ሰው «ተዘግቷል፣ ነገ በጠዋት ኑ» ብለው ይሸኙ ነበር። አሁን ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንኳን ወደ ምንጭዎ በደህና መጡ፤ ጉዞዎ ነገ ይቀጥላል» እንዲሉ ታዘዋል፤ ሲሉም ጫማቸውን ነው የሚያዩት። ባለፈው አንድ ጆሮአቸው የከበደ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አስደግመዋቸው በመጨረሻ «ልጄ፣ አሁን ይህ ቤት ክፍት ነው ወይስ ዝግ?» ሲሏቸው ግራና ቀኝ ተገላምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ዝግ ነው አባባ» ብለው በጆሯቸው ሹክ አሏቸው። በአደባባይ የቆመ ሰው ዝግ ነው ለማለት ሹክሹክታ ሲያስፈልገው ማየት ለእኔ አዲስ ነገር ነው፤ ላሳዩን አዲስ ነገር እናመሰግናለን።

ሦስተኛ። ሰሌዳው ተሸፈነ። ዓይንና ጥርስ ያላት የውሃ ጠብታ የምትስቅበት ፖስተር ተለጠፈበት። ጋሽ ጠመኔም «የእጅ ጽሑፍ ከድምፃችን ጋር አይጣጣምም» ተብለው ጠመኔያቸውን አስረከቡና በምትኩ ፖስተር የሚለጥፉበት ፕላስተር ተሰጣቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የኮታቸው ኪስ የጥንት መልኩን አገኘ፤ ኮቱ ቡኒ መሆኑን ሠፈሩ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እኔ በመስኮቴ ሳያቸው፣ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ሰሌዳው ፊት ትንሽ ይቆማሉ፣ ከዚያ ጠብታዋን ቀና አድርገው ይገባሉ።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዴን ትንሽ ላስቀምጠው፤ ክቡርነትዎም ፈገግታዎን ቢያስቀምጡት ደስ ይለኛል። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ የሚል መልእክት ደረሰን። «ውድ የምንጫችን ቤተሰብ፣ ዛሬ ውሃዎ ከወትሮው ትንሽ ለየት ባለ ገጽታ ይጎበኝዎታል። ከመጠቀምዎ በፊት ሞቅ ቢያደርጉት ይበልጥ ይወዳጅዎታል። አብረን እንፈሳለን!» ሞቅ ማድረጉ ለገላ መሰለን። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ለሻይ የጣደውን ውሃ ሞቅ ሲል አወረደው፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፣ አልቦዘነም። እኔ ጋ ደግሞ የእህቴ ልጅ ፀጉሯን ልትታጠብ መጥታ ነበር። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ መንገዱን በእግሯ ስለመጣች ጠምቷት በገዛ እጄ ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠኋት። ውሃው ትንሽ ደፍረስ ብሎ ነበር፤ እኔም «ለየት ያለ ገጽታ የተባለው ይህ ይሆናል» አልኳት። ከድርጅትዎ በተማርኩት ቋንቋ ነው ያልኳት።

ብርጭቆውን ወደ አፏ እያስጠጋች ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ከበስተጀርባዬ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ዞር አልኩ። ጋሽ ጠመኔ ፖስተሩን ከሰሌዳው ላይ አውርደውታል። አልቀደዱትም፤ የድርጅት ንብረት ነውና አራት ላይ አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘውታል። ለካ አንዲት ቁራጭ ጠመኔ በኪሳቸው ስፌት ውስጥ ቀርታ ኖሯል። የጻፉትን ቃል በቃል አስቀምጣለሁ፤ ለዲሲፕሊን መዝገብዎም ይጠቅምዎታል። «ይህን ውሃ አትጠጡ። ፍሳሽ ገብቶበታል። ፈልቶም ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ። መቼ እንደሚጠራ እርግጠኛ አይደለሁም። ይቅርታ።»

ብርጭቆውን ከእህቴ ልጅ እጅ መንጨቄን አስታውሳለሁ፤ ቀሚሷ ላይ ተደፋ፣ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ እሷም ዞራ አነበበች። ልብስ ሰፊው ሱቁ ከመንገዱ መታጠፊያ በታች ስለሆነ ሰሌዳው አይታየውም፤ እሱ የደረሰው መልእክትዎ ብቻ ነው። እሱ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሦስት ቀን ተኙ፤ አማቱ ሆስፒታል ገብተው አራት ቀን በጉሉኮስ ቆይተው ወጡ። ማንም አልሞተም፤ ተመስገን። ነገር ግን በዚያ ቀን በሠፈራችን ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ ቢያስጠኑ፣ ልዩነቱ ሰሌዳው የሚታየውና የማይታየው ሆኖ ያገኙታል። ለማስጠናት አማካሪ አያስፈልግዎትም፣ እኔ በእግር አስጎበኝዎታለሁ።

አምስተኛ። አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ደረስኩ። ትናንት ሰኞ አመሻሽ ላይ የጋሽ ጠመኔ ባለቤት ፀጉር ቤቴ መጡ። እኚህ ሴት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጡ ነው፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። ሐሙስ ትልቅ ጉዳይ ስላለባቸው አሳምሬ እንድሠራቸው፣ ረቡዕ ውሃ ይኑር አይኑር አሁን ማን ይነግረናል ብለው ቀደም ብለው እንደመጡ ነገሩኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው የድርጅትዎን ደብዳቤ አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡልን። «ውድ የምንጫችን ቤተሰብ አባል፣ በቅርቡ በሰሌዳው ላይ ያሳዩት ተነሳሽነት በአመራሩ ዘንድ ልዩ ትኩረት አግኝቷል። ለረጅም ዘመን የደከሙባትን ጠመኔ የሚያስቀምጡበት ጊዜ መድረሱን ስንገልጽልዎ ደስታ ይሰማናል። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በዋናው መሥሪያ ቤት ተገኝተው አዲሱን ምዕራፍዎን አብረን እንድንከፍት ተጋብዘዋል። የቢሮ ቁልፍዎንና መታወቂያዎን ይዘው እንዲመጡ በፍቅር እንጠይቃለን። አብረን እንፈሳለን!»

ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሴቶች ሁሉ እንኳን ደስ ያለዎት አልን። እኔ ራሴ አቅፌ ሳምኳቸው። ሴትየዋ «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አመሰግናለሁ ያለው አለቃ የለም እኮ፤ አሁን ሦስቴ አስነበበኝ፤ ምነው ሰውዬ ስለው ዝም ብለሽ አንብቢው ይለኛል» አሉ። ጋሽ ጠመኔ ሙሉ ልብሳቸውን ለተኳሽ እንደሰጡ፣ ሽልማቱን ሲቀበሉ የሚናገሩትን ንግግርም ጽፈው መጨረሳቸውን ነገሩን። ንግግሩ «አመሰግናለሁ። ሥራዬን ነው የሠራሁት» የሚል ነው። ባለቤታቸው ትንሽ አርዝመው ብለው ቢለምኗቸው እምቢ ብለዋል። እኔም የሴትየዋን ፀጉር እንደ ሙሽራ አድርጌ ሠርቼ፣ ይህ ከእኔ ነው ብዬ እስከ በር ሸኘኋቸው።

የመረጃ መስኮቷ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት ካስክ ሥር ነበረች፤ ምንም አልሰማችም። ጊዜዋ ደርሶ ካስኩን ሳነሳላት ሁላችንም የምሥራቹን እየተቀባበልን ነገርናት። ቁልፍና መታወቂያ የሚለው ጋ ስንደርስ ፊቷ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የስንብት ደብዳቤ ነው። ገጽ አርባ አንድ» አለችኝ። መጽሐፉን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ገጽ አርባ አንድን አየሁ። ስለ ሠራተኛ ስንብት የሚናገር ገጽ መሆኑን ከዚህ በፊትም አንብቤው ነበር፤ ግን እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሠፈራችን ይመጣል ብዬ ስላላሰብኩ አልፌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ተሰናባቹ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ ፈገግ ማለት አለበት።»

ክቡርነትዎ፣ ፈገግ ብለዋል። ባለቤታቸውም ፈገግ ብለዋል፣ እኔና አራት ደንበኞቼም ፈገግ ብለናል። መመሪያዎ ያለ አንዳች እንከን ሠርቷል፤ ለአዘጋጆቹ ይህንን ውጤት ያስተላልፉልኝ። በነገራችን ላይ በዚያ ደብዳቤ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም ተጽፏል፤ ድርጅትዎ ሲፈልግ ሰዓት መጻፍ እንደሚችል ያወቅሁት ገና ትናንት ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ቁጥር አልሰጠውም። ዛሬ ጠዋት የጋሽ ጠመኔ ባለቤት በመስኮቴ ሲያልፉ ቆም ብለው ፀጉራቸውን በእጃቸው እየደገፉ «እስከ ሐሙስ ይቆይልኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሌሊቱን እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ ያደርኩ ሴት፣ ስለ ድርጅትዎ ጣፋጭ አፍ ደንበኛ ሁሉ እስኪሰለቸው የማማርር ሴት፣ ፊቴን በፈገግታ ሞልቼ «ምንም አያሳስብዎት፣ ሐሙስ ሁሉም ነገር ያማረ ይሆናል» አልኳቸው። እጃቸውን አውለብልበውልኝ ሄዱ። አፌን በመቀስ ብቆርጠው በወደድኩ። ድምፃችሁ እንደ ጉንፋን የሚጋባ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ደግሞም የማያስቸግር ድምፅ ነው፣ የሚናገረውን ሰው ምንም አያስጨንቀውም። የሚጨነቀው ሐሙስ በአራት ሰዓት ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ንግግሩን በኪሱ ይዞ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚደርሰው ሰው ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፣ መንገዱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው መንገድ ደብዳቤዎን እውነት ማድረግ ነው። አንድ ሠራተኛ ውሃ ሊገድል የሚችለውን ሰው በአምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አድኖልዎታል፤ ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ያቺን አሥር ቃል እንኳን የማትሞላ ምስጋናቸውን ያስነግሯቸው፣ ጠመኔያቸውንም ይመልሱላቸው። አማካሪዎችዎ አንድ ድምፅ ካሉ፣ ድምፁን እሳቸው ያስተምሯቸው፤ ሥልጠናው አራት ቀን አይፈጅም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ይህ ካልሆነልዎት ሁለተኛው መንገድ አለ። ጋሽ ጠመኔ ቢሮዎ ሲገቡ ወንበር ይስጧቸው፣ ዓይናቸውን ይዩአቸውና እንዲህ ይበሏቸው፦ «ከሥራ አሰናብቼዎታለሁ፤ ምክንያቱም ሕዝቡን ውሃውን አትጠጡ ብለውታል።» እነዚህን ቃላት ብቻ፤ ምዕራፍም ጉዞም ቤተሰብም ሳይጨመርበት። ይህን ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት ቆመው አንድ ሁለቴ ቢለማመዱት እመክራለሁ። ምናልባት ሲሉት ይከብድዎት ይሆናል፤ ከከበደዎት ወደ አንደኛው መንገድ መመለስ አሁንም አይረፍድም።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡልኝ ውለታዎ አለብኝ። በደረቀ እጅ፣ ባልታጠበ ብሩሽና ሻምፖ ራሷ ላይ ይዛ ሁለት ሰዓት በምትጠብቅ አንዲት ትዕግሥተኛ ደንበኛ መካከል ተቀምጬ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይደፈርስ ብርጭቆና አንዳንድ ጊዜ እርግጠኛ ያለመሆን ጸጋ እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና ቅርንጫፍዎን በየዕለቱ የምታይ

ፀጉር ሠሪዋ

ግልባጭ፦
ለብራንድና መልካም ገጽታ ክፍል (ፈገግ ብለው እንዲያነቡት)
ለጥበቃ ሠራተኛው (በሹክሹክታ)
ለልብስ ሰፊውና ለአማቱ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ ከሚል መልካም ምኞት ጋር

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለሠፈሩ መስኮቴ ላይ ከመለጠፌ በፊት፣ ሰው ከግድግዳ ላይ አንብቦ የራሱን ነገር እንዳይሰማ ብዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ጠመኔ ቤት ሄድኩ። ሙሉ ልብሳቸው ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ቁጭ በይ ሳይሉኝ፣ ቁጭ ካልኩ እንደማልነግራቸው ስለማውቅ፣ እንደቆምኩ «ጋሼ፣ ሐሙስ የሚጠብቅዎት ሽልማት አይደለም፤ ሊያሰናብቱዎት ነው፤ ይቅርታ» አልኳቸው። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸው «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። «ደግ አደረግሽ» አሉና ከቡኒው ኮታቸው ኪስ ያቺን ቁራጭ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ልብሱን ግን ከበሩ ላይ አላወረዱትም፣ ነገም ለብሰውት ይሄዳሉ። ሰሌዳው የእርስዎ ንብረት ስለሆነ አልነካሁትም፤ የፀጉር ቤቴ በር ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ጠመኔ ይይዛል። የጻፍኩትን ከቢሮዎ ድረስ ስለማይታይ እዚህ ገልብጬልዎታለሁ፦

«ከነገ ሐሙስ አራት ሰዓት ጀምሮ ጋሽ ጠመኔ የሉም። ምክንያቱ፦ ውሃውን አትጠጡ ብለው ጻፉ። በሦስት ሰዓት ከዚህ በር ተነስተን አብረናቸው ዋናው መሥሪያ ቤት እንሄዳለን፤ ልብስ ሰፊውም ይመጣል። መቼ እንደሚመለሱ እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ ቅዱ።»